ዛፍ መቁጠርና ካርቦን መቁጠር ለየቅል ናቸው፦ «ደን ማሳሳት ካርቦን ማባከን ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

የተተከለ ደንን ማሳሳት፣ ማለትም የቀሩት ዛፎች ቦታ አግኝተው እንዲወፍሩ ከፊሎቹን ቆርጦ ማውጣት፣ ካርቦን ማባከን ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙዎች እየተቀባበሉት ነው። ተቀባይነት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ የተነሳበት ስጋትም የእውነት ነው። በማሳሳት ስም ስንት ደን እንደተራቆተ የሚያውቅ ሰው ጸሐፊውን በችኮላ አይኮንናቸውም። ይሁንና ከዚያ ስጋት ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ፣ ማለትም «የተተከለ ደን እስከ መጨረሻው ሳይነካ ቢቀመጥ ይሻላል» የሚለው፣ በሒሳብም በዛፍ ጠባይም ሲፈተሽ አይጸናም።

ጽሑፉ ያለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ካርቦኑ ያለው በዛፉ ውስጥ ስለሆነ ዛፍ በቀነሰ ቁጥር ካርቦንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ተፈጥሮ ደካማውን ዛፍ ራሷ ስለምታስወግድ የሰው መጋዝ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ማሳሳት እድገት ይጨምራል የሚባለው ማታለያ ነው፤ የቀሩት ዛፎች ይወፍራሉ እንጂ ሄክታሩ ተጨማሪ እንጨት አያመርትም። አራተኛ፣ የተቆረጠው ይነድዳል ወይም ይበሰብሳል፤ ካርቦኑም ወዲያው ወደ አየር ይመለሳል። አምስተኛ፣ የሳሳ ደን ለነፋስ፣ ለእሳትና ለአፈር ጉዳት ይጋለጣል። ስድስተኛ፣ ማሳሳት የሽያጭ ሽፋን ነው።

ከስድስቱ ሦስተኛው በአብዛኛው ልክ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ግማሽ እውነት አላቸው። የጽሑፉ ምሰሶ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ስህተቱም እዚያ ስለሚጀምር ከእሱ እንነሳ።

«ዛፍ በቀነሰ ቁጥር ካርቦን በዚያው ልክ ይቀንሳል»

ጸሐፊው በሄክታር 1600 ዛፍ ካለበት ደን 600 ሲቆረጥ «ከሲሶ በላይ ካርቦን ሄደ» ይላሉ። ይህ ስሌት ሁሉም ዛፍ እኩል ይመዝናል ከሚል ግምት የተነሳ ነው። የዛፍ ክብደት ግን በግምት በዲያሜትሩ 2.5 ርቢ መጠን ነው የሚጨምረው። ዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 15 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ ዛፍ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያላቸው 15 ዛፎች የሚይዙትን ካርቦን ብቻውን ይይዛል።

የራሳቸውን ምሳሌ እንውሰድ። 2.5 በ2.5 ሜትር ተራርቆ የተተከለ ደን በሄክታር 1600 ዛፍ ይይዛል። አማካይ ዲያሜትሩ በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ሲለካ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ግንዱ ሁሉ እዚያ ከፍታ ላይ ቢቆረጥ የቁርጦቹ ፊት ስፋት ተደምሮ 28 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለሙያዎች ቤዛል ኤሪያ የሚሉት ይህንን ድምር ነው። ማሳሳቱ በወጉ ከተሠራ የሚወጡት 600 ዛፎች የቀጨጩት ናቸው፤ አማካያቸው 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የቁርጣቸው ስፋት 5.7 ካሬ ሜትር ነው። ከቁጥሩ 37.5 በመቶ ሲሄድ ከስፋቱ የሄደው 20 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀጨጩት ዛፎች ቁመታቸውም አጠር ስለሚል ከካርቦኑ የሚሄደው ከዚያም ያንሳል።

ወደ ቶን እንለውጠው። የዚህ ደን ግንድ በሄክታር 200 ሜትር ኩብ፣ የእንጨቱ ደረቅ ክብደት በሜትር ኩብ 0.4 ቶን ቢሆን፣ ግንዱ ብቻውን 80 ቶን ነው። ቅርንጫፍና ቅጠሉን ለመጨመር በ1.3፣ ሥሩን ለመጨመር በ1.25 ሲባዛ 130 ቶን ይመጣል። ከደረቅ እንጨት 47 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ስለዚህ 61 ቶን ካርቦን አለን። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነገር ከተባለ በ44 ተባዝቶ ለ12 ተካፍሎ 224 ቶን ይሆናል። ለጥንቃቄ ሙሉውን 20 በመቶ ብንቀንስ የሚወጣው 12 ቶን ካርቦን ነው። በጽሑፉ አቆጣጠር ግን 23 ቶን ይሆን ነበር፤ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

12 ቶንም ቢሆን ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ የማሳሳት ደጋፊዎች የሚወዱት አንድ መልስ አለ፦ «ደኑ በሦስት ዓመት ይተካዋል»። በዓመት በሄክታር 15 ሜትር ኩብ የሚያድግ ደን በየዓመቱ 4.6 ቶን ያህል ካርቦን ስለሚጨምር ቁጥሩ ልክ ነው። ንጽጽሩ ግን ልክ አይደለም፤ ያልተነካው ደንም በእነዚያው ሦስት ዓመታት ሲያድግ ነበርና። መተያየት ያለበት የሳሳው ደን ዛሬ ያለው ክምችት፣ ሳይሳሳ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ሊኖረው ከሚችለው ጋር ነው። በዚህ ሚዛን፣ ቆሞ ያለው ዛፍ ብቻ ከተመዘነ፣ የሳሳ ደን አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ዓመታት ያነሰ ካርቦን ይይዛል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ክርክር አይኖረንም ነበር። ልዩነቱን የሚያጠቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ባልሳሳው ደን ውስጥ በጥግግት የሚሞተው ዛፍ፣ እና ከደኑ ወጥቶ ሳይቃጠል የሚቆየው እንጨት። ጽሑፉ ሁለቱንም እንደሌሉ ቆጥሯቸዋል።

«ተፈጥሮ ራሷ ታሳሳለች»

ታሳሳለች፤ ያውም በማይዛነፍ ሥርዓት። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ ራይነኬ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው፣ እኩያ ዛፎች በሞሉበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሊቆም የሚችለው የዛፍ ቁጥር አማካይ ዲያሜትሩ በጨመረ ቁጥር ይወርዳል፤ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ሲሶ ይቀንሳል። ጣሪያው፣ ማለትም ሊቆም የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር፣ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ቁጥሩ የሚወርድበት መጠን ግን ለብዙዎቹ ይቀራረባል። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ሳለ በ1600 ዛፍ ጣሪያውን የነካ ደን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የሚችለው 530 ገደማ ነው። ከሺህ የሚበልጠው መጋዝ ነካውም አልነካውም ይሞታል።

እንግዲህ ከሞቱ አሟሟቱ ነው። ተሸናፊው ዛፍ በአንድ ክረምት አይለቅም። ለዓመታት ውኃና ብርሃን እየተሻማ ይቆያል፤ በዚህ ሽሚያ አሸናፊውም አብሮ ይጎዳል። የታችኞቹ ቅርንጫፎች በጥላ ይደርቁና አረንጓዴው አናት ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል። አረንጓዴው ክፍል ከዛፉ ቁመት 40 በመቶ ያህል እስከሆነ ድረስ ዛፉ ቦታ ሲያገኝ ቶሎ ይወፍራል። ከ30 በመቶ በታች ከወረደ ግን ቦታው ቢሰፋለትም መጀመሪያ አናቱን እንደገና መገንባት አለበት፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ለማሳሳት «ገና ነው፣ ገና ነው» እየተባለ የቆየ ደን በኋላ ቢሳሳም ምንም ለውጥ አላየንበትም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁመት ደግሞ እንደ ውፍረት አይደለም። አውራ ዛፎች በጥግግት ብዙም ሳይበገሩ መርዘማቸውን ይቀጥላሉ። በነገራችን ላይ «ማሳሳት ዛፉን ያስረዝመዋል» የሚሉ ደጋፊዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ዛፉ ይረዝማል፤ ግን አይወፍርም። 20 ሜትር ቁመትና 18 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለውን እንውሰድ፤ ሁለቱም በአንድ መለኪያ ተደርገው ቁመቱ ለዲያሜትሩ ሲካፈል 111 ይመጣል። ከ80 በታች የሆነ ዛፍ በአብዛኛው በራሱ ይቆማል። ከ100 ያለፈው ግን የቆመው ጎረቤቱን ተደግፎ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይከተላል። ያልተነካ ጥቅጥቅ ደን የያዘው ካርቦን ብዙ መሆኑ ባይካድም፣ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ግንድ ላይ መሆኑን ጽሑፉ አላነሳም።

ለጸሐፊው የሚሰጥ አንድ ነጥብ አለ። ቆሞ የደረቀም ሆነ የወደቀ ዛፍ ካርቦኑን በአንድ ቀን አይለቅም። በቀዝቃዛ ወይም በደረቅ አካባቢ ወፍራም ግንድ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ለወፍ፣ ለነፍሳትና ለፈንገስም ቤት ነው። በጥግግት የሚሞተው ግን ወፍራሙ አይደለም። ቀጭን እንጨት ሙቀትና እርጥበት ባለበት በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ እስኪበሰብስ ድረስም ቆሞ የሚጠብቅ ደረቅ ማገዶ ነው።

«ሄክታሩ ተጨማሪ እንጨት አያመርትም»

በዚህ ጉዳይ ጸሐፊው ከብዙ የማሳሳት ደጋፊዎች የተሻለ ያውቃሉ። ማሳሳት ፀሐይም ዝናብም አይጨምርም። የአንድ ሄክታር ዓመታዊ እድገት በሰፊ የጥግግት ክልል ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ ጥግግቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ ይቀንሳል። ጀርመናዊው የደን ተመራማሪ ኤርነስት አስማን ይህንን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ከፍተኛው፣ ተመራጩና ወሳኙ ቤዛል ኤሪያ። ወሳኝ ያለው እድገቱ ሊደርስበት ከሚችለው 95 በመቶ ላይ የሚገኝበትን ደረጃ ነው። ከዚያ በታች ከተወረደ የቀሩት ዛፎች ክፍተቱን ሞልተው ስለማይጨርሱት ሄክታሩ ይከስራል። በደቡብ አፍሪካ የደን ተመራማሪው ኦኮነር በ1930ዎቹ የጀመራቸው ሙከራዎች በሄክታር ከ2965 ዛፍ እስከ 124 ዛፍ ድረስ ያሉ ጥግግቶችን ጎን ለጎን አኑረው ተከታትለዋል። የታየውም ይኸው ነው፦ በጥቅጥቁ ብዙ ሜትር ኩብ በቀጫጭን ግንድ፣ በሳሳው ያነሰ ሜትር ኩብ በወፋፍራም ግንድ።

ታዲያ ድምሩ ካልጨመረ ማሳሳት ለምን? በዓመት የሚያድገው 15 ሜትር ኩብ በ1600 ግንድ ላይ ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው 9 ሊትር ገደማ እንጨት ነው። በ1000 ግንድ ላይ ሲከፋፈል 15 ሊትር ይደርሰዋል። ድምሩ ያው ሆኖ የሚያርፍበት ግንድ ይለያያል። በ1600ው ላይ ሲያርፍ ከፊሉ የሚውለው ነገ በጥላ ደርቀው በሚወድቁት ላይ ነው፤ ያ እድገት በጣውላም በቆመ ዛፍም መልክ አይገኝም። ደን አልሚዎች ጠቅላላ እድገትና የተጣራ እድገት ብለው የሚለዩት ይህንን ነው። ጽሑፉ የጠቀሰው ጠቅላላውን ነው፤ ለካርቦን መዝገብ የሚበጀው ግን ሙታኑ ተቀንሰው የሚቀረው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን መጨመር ያስፈልጋል። ገና በልጅነቱ ከልክ በላይ የሳሳ የፈረንጅ ጥድ ወይም ፓቱላ የተባለው የፓይን ዝርያ ሰፋፊ የእድገት ቀለበት፣ ወፍራም የታች ቅርንጫፍና ትልልቅ ጉጥ ያበጃል፤ እንጨቱም ቀለል ያለና ለሸክም የማይታመን ይሆናል። ጣውላ የሚፈልግ ሰው ማሳሳትን ከቅርንጫፍ ምልመላ፣ ማለትም የታች ቅርንጫፍን ከግንዱ ቆርጦ ከማንሳት፣ ጋር ካላያያዘው ወፍራም ነገር ግን ርካሽ ግንድ ይዞ ይቀራል።

«የተቆረጠው ወዲያው ወደ አየር ይመለሳል»

የወጡትን 12 ቶን እንከተላቸው። ከ200ው 20 በመቶ 40 ሜትር ኩብ ነው፤ ደረቅ ክብደቱ 16 ቶን፣ በውስጡ ያለው ካርቦን 7.5 ቶን። የተቆረጡት ዛፎች ሥር፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ደግሞ 4.7 ቶን ካርቦን ይዘው እዚያው ደኑ ውስጥ ይቀራሉ። እነዚህ ይበሰብሳሉ፤ ቅጠሉ ቶሎ፣ ጉቶውና ወፍራሙ ሥር ግን ዓመታት ወስዶባቸው። ከፊሉ አፈር ይሆናል፤ አብዛኛው ወደ አየር ይመለሳል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ማንም ሊሸሽገው አይገባም።

የግንዱ 7.5 ቶን እጣ በአጠቃቀሙ ይወሰናል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል ለእንጨት ውጤቶች ሒሳብ የሚጠቀምበት የግማሽ ዕድሜ ለጣውላ 35 ዓመት፣ ለቺፑድና ለመሳሰለው ገበታ 25 ዓመት፣ ለወረቀት 2 ዓመት ነው። ዛሬ ከገባው ጣውላ ግማሹ ከ35 ዓመት በኋላም አገልግሎት ላይ አለ ተብሎ ይታሰባል ማለት ነው። ማገዶ ግን በዚያው ዓመት ጭስ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ለመጀመሪያው ማሳሳት ሲሆን ብዙም አልራቁም። ከ11 ሳንቲ ሜትር ግንድ የሚወጣው ማገር፣ አጣናና ማገዶ ነው። መጋዝ ቤት የሚደርሰውም ቢሆን ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ገደማው ነው፤ ግንዱ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ሰጋቱራውና ልጣጩ ይበዛል። ማገዶው ከተፈጥሮ ደን ሊቆረጥ የነበረን ማገዶ ከተካ ሌላ ጥቅም አለው፤ መተካቱ ሳይረጋገጥ ግን በካርቦን ትርፍነት ሊመዘገብ አይገባም። የመጀመሪያው ማሳሳት የካርቦን ዋጋ ከራሱ እንጨት አይመጣም። የሚመጣው በሁለተኛውና በመጨረሻው ቆረጣ ላይ ካለው ወፍራም ግንድ ነው፤ ያ ግንድ ደግሞ ያለ መጀመሪያው ማሳሳት አይወፍርም። ስለዚህ አንዱን ቆረጣ ነጥሎ ትርፍና ኪሳራ መቁጠር የትም አያደርስም። ከተከላ እስከ መጨረሻ ቆረጣ ያለው ዘመን በሙሉ ተይዞ አማካይ ክምችቱ ነው መታየት ያለበት። በቆረጣ የሚተዳደሩ ደኖች ካርቦን ለሽያጭ ሲቀርብም የሚሠራው በዚሁ አማካይ ነው።

እንጨቱን ጣውላ የሚያደርገው ገዢ በሌለበት፣ መንገድ በማይገባበት፣ ነፋስና እሳትም በማያሰጋበት ቦታ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የዚያ ደን ዓላማ ካርቦን ብቻ ከሆነ ባይሳሳ ይሻላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አጭር ዘመን ለማገዶና ለአጣና የሚተከል ባህር ዛፍም እንዲሁ ነው፤ በአብዛኛው ሳይሳሳ ተቆርጦ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል። እሱን የሚያስፈልገው በየጉቶው ላይ የሚወጣውን ብዙ ቡቃያ ጊዜው ሲደርስ ወደ ሁለት ወይም ሦስት መቀነስ ነው።

«ለነፋስ፣ ለእሳትና ለአፈር ጉዳት ያጋልጣል»

ያጋልጣል፤ መቼና እንዴት እንደተሠራ ካልታየ። ከማሳሳት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት እስከ አምስት ዓመታት አደገኛ ናቸው። ጎረቤቱን ተደግፎ የኖረ ዛፍ በድንገት ነፋስ ሲያገኘው ሥሩም ግንዱም ገና አልተዘጋጀም። መፍትሔው በጊዜ መጀመር፣ ጥቂት ጥቂት መውሰድና መደጋገም ነው። የመጀመሪያው ማሳሳት አናቶች ተነካክተው የታች ቅርንጫፍ መድረቅ ሲጀምር ይሁን፤ ቁመቱ 20 ሜትር እስኪሆን አይጠበቅም። በአንድ ጊዜ ከቤዛል ኤሪያው ከአንድ አራተኛ እስከ ሲሶ ያልበለጠ ይውጣ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለው ዳር ሳይነካ ይቆይ። የቁመትና የዲያሜትር ጥምርታው 100ን ያለፈ ደን ጊዜው አምልጦታልና ባይነካ ይሻላል፤ የግድ ከሆነም በጣም በስሱ ብቻ።

ስለ እሳት ጽሑፉ የተናገረው ይበልጥ ልክ ነው። ቅርንጫፉ ሳይነሳ የተተወ የሳሳ ደን ካልሳሳውም የባሰ ሊነድ ይችላል፤ መሬት ላይ ደረቅ ጭራሮ አለ፣ ፀሐይና ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሣሩም ይነሳል። ስለዚህ ቆረጣው የሚያልቀው ዛፉ ሲወድቅ አይደለም። ቅርንጫፉ ተቆራርጦ ከመሬት ጋር እንዲነካካ ይደረጋል፤ ከቆሙ ዛፎች ግንድ ሥር አይከመርም፤ ከእሳት መከላከያ መስመርና ከመንገድ ዳር ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ይህ ከተደረገና የታች ቅርንጫፍ ከተመለመለ እሳቱ ከመሬት ወደ አናት የሚወጣበት መሰላል ይጠፋል፤ የአናቶቹም መራራቅ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዳይዘል ይረዳል። ካልተደረገ ግን ጸሐፊው ያሉት ይደርሳል።

ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ጠራርጎ ማውጣትም ሌላ ስህተት ነው። የዛፉ ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ቅጠልና ቅርፊት ውስጥ እንጂ በግንዱ እንጨት ውስጥ አይደለም። ግንዱ ቢወጣ፣ ቅጠሉና ሲቻል ቅርፊቱ ደኑ ውስጥ ቢቀር አፈሩ አይራቆትም።

አፈርን የሚጎዳው ከመሳሳቱ ይልቅ ማውጣቱ ነው። ግንድ በእርጥብ መሬት ላይ ሲጎተት ወይም ትራክተር በፈለገበት ሲገባ አፈሩ ይጠጠራል፤ የቀሩት ዛፎች ሥር ይቆረጣል፤ የተላጠው ግንድ ደግሞ የመበስበሻ በር ይከፍታል። ለዚህ በየተወሰነው ረድፍ አንድ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መውጫ መንገድ ይሆናል፤ በላዩ ላይ ቅርንጫፍ ይነጠፋል፤ ሥራው መሬቱ ሲደርቅ ይካሄዳል። በማዕድናዊው አፈር ውስጥ ያለውን ካርቦን በተመለከተ በጥንቃቄ የተሠራ ማሳሳት የሚያመጣው ለውጥ በአብዛኛው ትንሽ ነው። የሚሳሳው የላዩ የረገፈ ቅጠል ንጣፍ ነው፤ የሚረግፈው ቅጠል ለጊዜው ስለሚቀንስ። ጽሑፉ ከደን ምንጣሮ ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ትክክል አይደለም።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት ጠንካራ መከራከሪያም አለ፦ በሽታ። አዲስ ጉቶ ቁስል ነው። በጥድና በፓይን ወገን ሄትሮባሲዲዮን የተባለው ፈንገስ በትኩስ ጉቶ ገብቶ በተነካኩ ሥሮች በኩል ወደ ቆሙት ዛፎች ይሻገራል። ፈንገሱ ባለባቸው አካባቢዎች ጉቶው እንደተቆረጠ ወዲያው ዩሪያ ወይም የቦሮን ጨው ሙሙት፣ አለዚያም ተቀናቃኝ ፈንገስ ይቀባል፤ እስኪያድር መጠበቅ ትርጉም የለውም። ቅርፊቱ ሳይላጥ ደኑ ውስጥ የተተወ ትኩስ ግንድም የቅርፊት በል ጥንዚዛ መራቢያ ነው፤ ትውልዱ ከመውጣቱ በፊት ይነሳ ወይም ይላጥ። በሌላ በኩል ደግሞ በሳሳ ደን ውስጥ በአናቶች ላይ የሚቀረው የዝናብ መጠን ይቀንሳል፤ የሚጠጡት ሥሮችም ያንሳሉ፤ ስለዚህ በድርቅ ዓመት የቀሩት ዛፎች የተሻለ ውኃ ያገኛሉ። የአደጋው ሚዛን ሁለት ጎን አለው፤ ጽሑፉ ያሳየን አንዱን ብቻ ነው።

«ማሳሳት የሽያጭ ሽፋን ነው»

አንዳንዴ ነው። ዛፉን የሚመርጠው ገዢው ወይም ቆራጩ ከሆነ የሚወጣው ወፍራሙ፣ ቀጥ ያለውና ጤነኛው ነው፤ የሚቀረው የቀጨጨውና የጎበጠው። ያ ደን በካርቦንም በገንዘብም ይከስራል፤ የቀሩት ዛፎች ለዓመታት የተሸነፉት ስለሆኑ ክፍተቱን አይሞሉትም። ጸሐፊው ያዩት ደን እንዲህ ከነበረ ቁጣቸው ተገቢ ነው። ችግሩ ግን በወጉ በሚሠራው ማሳሳት አይሳበብም፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም።

መሬት ላይ ሥራው እንዲህ ነው። 5.64 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ተይዞ ከአንድ ካስማ ዙሪያ ሲዞሩ 100 ካሬ ሜትር ክብ ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዛፍ በሄክታር 100 ዛፍ ይወክላል። የጽሑፉ ደን ከሆነ በክቡ ውስጥ 16 ዛፍ ይቆጠራል፤ የሚወጡት 6 ናቸው። በቅድሚያ የደረቀውና የታመመው ይመረጣል። ቀጥሎ መንታ ግንድ ያወጣው፣ የጎበጠውና ያዘመመው። ከዚያ በአውራ ዛፎች ጥላ የተዋጠው። ስድስቱ ካልሞሉ አናታቸው ከተጠላለፉ ሁለት መልካም ዛፎች ደከም ያለው ይወጣል። ወፍራም ሆኖ ለመቆረጥ የሚመረጠው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ቅርንጫፉ እጅግ የተንሰራፋ፣ ግንዱ ለጣውላ የማይሆን፣ ግን ዙሪያውን ሁሉ አፍኖ የያዘ። በአንዱ ጥግ ቀጫጮች ብቻ ካሉ ሁሉም አይወጡም፤ ክፍተት ከመተው የተሻለው ቀጭን ይቀመጣል። ምልክቱ ሁለት ቦታ ይቀባል፤ አንዱ ቆራጩ እንዲያየው በደረት ከፍታ፣ ሌላው ጉቶው ላይ እንዲቀር በግንዱ ግርጌ። ከቆረጣ በኋላ ቀለም የሌለበት ጉቶ ከተገኘ ያለ ምልክት የተቆረጠ ዛፍ አለ ማለት ነው።

ሌላው መለያ አማካይ ዲያሜትሩ ነው። በምሳሌያችን 1600 ዛፍ ሲኖር 15 ሳንቲ ሜትር የነበረው አማካይ፣ ቀጫጮቹ 600 ሲወጡ ቀሪው 22.6 ካሬ ሜትር ለ1000 ዛፍ ስለሚካፈል ወደ 17 ከፍ ይላል፤ አንድም ዛፍ ገና ሳያድግ። ከቆረጣ በኋላ አማካዩ ወደ 14 ወይም 13 ከወረደ የወጡት ምርጦቹ ናቸው። ከቆረጣ በፊት የተወሰደ ልኬት ካልተገኘም ጉቶዎቹ አሉ። የጉቶው ዲያሜትር በደረት ከፍታ ካለው ስለሚሰፋ በቀጥታ አይወዳደርም፤ ቆመው የቀሩት ዛፎች በጉቶው ከፍታ ላይ ተለክተው አማካዮቹ ይተያያሉ። ጉቶዎቹ ከቆሙት ከወፈሩ፣ ለዚያ ደን የጸሐፊው ስድስተኛ ነጥብ ልክ ነው።